ከአቶም ፍልጥ የሚፈናጠረው ኒውትሮን ጉልበቱ እንዴት ይለካል?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ በአንድ ትምህርት ቤት ስለ አቶም እምብርት መሰንጠቅ ሲያስተምር በሰሌዳው ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ዩራንየም-235 ሲሰነጠቅ የሚወጡት ኒውትሮኖች አማካይ ጉልበት 2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው።» ተማሪዎቹ መገልበጥ ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አንሥታ «ቲቸር፣ ኒውትሮን አይታይም ብለውናል፤ የኤሌክትሪክ ሙልም የለውም ብለውናል፤ ታዲያ ጉልበቱን በምን ለኩት?» ስትል ጠየቀች። ጓደኛችን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «መጽሐፉ ላይ ያለ ነው፤ ጻፉት» ብሎ አለፈ። ልጅቷም ጻፈች። እሱን ግን ነገሩ ሲከነክነው ዋለ፤ ማታም ለእኛ አጫወተን። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን መልሱን በቅጡ የሚያውቅ አልተገኘም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ ጥያቄ መልስ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው። ጥያቄው ደግሞ የአንዲት ተማሪ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት አባል ናት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከሩሲያ ጋር ተፈርሟል። እንግዲህ ወደ ክፍል ስንገባ ስለ ኒውትሮን የሚጠይቁን ልጆች እየበዙ መሄዳቸው የማይቀር ነው። «መጽሐፉ ላይ ያለ ነው» ማለት ደግሞ መልስ አይሆንም።

ሀ. ፍልጥና ስንጥር

ከኮተቤ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ የየካን ኮረብታና የእንጦጦን ሰንሰለት የሚመለከት ሰው ባሕር ዛፉን ያያል። እንጨት ፈላጭ ግንዱን በመጥረቢያ ሲመታው ግንዱ ለሁለት ፍልጥ ይከፈላል፤ ከመካከሉም ስንጥር ይፈናጠራል። የዩራንየም-235 እምብርት ሲሰነጠቅም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ሁለቱ ትልልቅ ፍልጦች፣ ለምሳሌ ባሪየምና ክሪፕተን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። ስንጥሮቹ ኒውትሮኖች ናቸው።

ምሳሌው ግን የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ግንዱን ለመፍለጥ በብርቱ መምታት ያስፈልጋል፤ ዩራንየም-235 ግን በዝግታ በመጣ ኒውትሮን ይበልጥ በቀላሉ ይሰነጠቃል። አንባቢ ይህን ነጥብ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመሰንጠቁ ነገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1938 በርሊን ውስጥ ነው። ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራንየምን በኒውትሮን ሲመቱ ባሪየም አገኙ። ሊዜ ማይትነርና የእኅቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ደግሞ እምብርቱ ለሁለት መከፈሉን፣ በአንድ ስንጠቃም 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት መለቀቁን አስረዱ። በ1939 በፓሪስ ፎን ሃልባን፣ ዦልዮና ኮቫርስኪ፣ በኒው ዮርክ ደግሞ ሲላርድና ዚን፣ እንዲሁም ፌርሚና አንደርሰን፣ ከስንጠቃው አዳዲስ ኒውትሮኖች እንደሚወጡ አረጋገጡ። ዛሬ በተያዘው ልክ ዩራንየም-235 በዝግተኛ ኒውትሮን ሲሰነጠቅ በአማካይ 2.4 ያህል ኒውትሮኖች ይለቀቃሉ። እነዚህ ሌላውን እምብርት፣ ሌላውም ሌላውን እየሰነጠቀ ሰንሰለቱ ይቀጥላል ማለት ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱ መቀጠል አለመቀጠሉን የሚወስነው ቁጥራቸው ብቻ አይደለም፤ ሲወለዱ የያዙት ጉልበትም ነው።

ለ. መለካቱ ለምን አስቸገረ?

በመጀመሪያ መስፈሪያውን እንወቅ። አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ልዩነት ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኘው ጉልበት ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ስለዚህ ለአንድ ኤሌክትሮን 2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ለመስጠት ከ1.3 ሚሊዮን የሚበልጡ የባትሪ ድንጋዮችን ጫፍ ለጫፍ መደርደር ሊያስፈልግ ነው። ለአንዲት ቅንጣት ይህ ብዙ ጉልበት ነው።

አልፋን ወይም ፕሮቶንን የመሰለ ሙል ያለው ቅንጣት በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ በመንገዱ ካሉት አቶሞች ኤሌክትሮኖችን እየነቀለ ዱካ ይተዋል። ዱካው ሲለካ ጉልበቱ ይታወቃል። ኒውትሮን ግን ሙል ስለሌለው ኤሌክትሮኖቹን ሳይነካ ያልፋል፤ ዱካም የለውም። መኖሩ የሚታወቀው የአንድ አቶም እምብርት ሲመታ ብቻ ነው። ስለሆነም የኒውትሮንን ጉልበት በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ የለም። የሚለካው ሁልጊዜ በሌላ ነገር አማካይነት ነው፤ ወይ በመታው ነገር፣ ወይ በፈጀው ጊዜ።

ሐ. አንደኛው መንገድ፦ የብይ ጨዋታ

ብይ ተጫውቶ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱ ብይ ሌላውን እኩያውን መሀል ለመሀል ከመታው መቺው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የተመታው በመቺው ፍጥነት ይሄዳል። ጎኑን ከጨረፈው ግን ጉልበቱን ይካፈላሉ። ብይ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቢወረወርስ? ነጥሮ ይመለሳል እንጂ ድንጋዩን ይህን ያህል አያንቀሳቅሰውም።

ለኒውትሮን እኩያ የሚሆነው ብይ ፕሮቶን ነው፤ እርሱም የሃይድሮጅን አቶም እምብርት ማለት ነው። በመጠነ ቁስ ኒውትሮን ፕሮቶንን የሚበልጠው ከሺህ በአንድ እጅ ከምናምን ነው፤ እኩል ናቸው ቢባል ያስኬዳል። እንግዲህ ኒውትሮን ፕሮቶንን መሀል ለመሀል ቢመታው ጉልበቱን በሙሉ ያስረክባል። ፕሮቶኑ ከኒውትሮኑ የጉዞ መስመር በ45 ዲግሪ ካፈነገጠ የያዘው ግማሹን፣ በ60 ዲግሪ ካፈነገጠ ሩቡን ነው። ፕሮቶን ሙል ስላለው ዱካ ይተዋል። የፕሮቶኑን ጉልበትና ማዕዘን ለክቶ የኒውትሮኑን ማግኘት ከዚያ በኋላ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ጄምስ ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1932 በካምብሪጅ ኒውትሮንን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነበር። ከቤሪሊየም የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ሃይድሮጅን በበዛበት በፓራፊን፣ ማለትም ሻማ በሚሠራበት ሰም ላይ ሲለቀው ፕሮቶኖች በሴኮንድ እስከ 33,000 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ወጡ። በናይትሮጅን ላይ ሲለቀው ደግሞ የናይትሮጅን እምብርቶች በሴኮንድ 4,700 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሄዱ። ሁለቱን ፍጥነቶች አነጻጽሮ የመቺው ክብደት ከፕሮቶን ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሰላ። ልብ በሉ፤ ቻድዊክ ኒውትሮንን አላየውም። ያየው የተመታውን ነው።

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከስንጠቃ የሚወጡትን ኒውትሮኖች ለመለካት የፎቶግራፍ ሰሌዳ ይጠቀሙ ነበር። በሰሌዳው ላይ ባለው ጄላቲን ውስጥ ሃይድሮጅን ስላለ የተመቱት ፕሮቶኖች መስመር ያሰምራሉ። ሰሌዳው ከታጠበ በኋላ ሠራተኞች በማይክሮስኮፕ እያዩ የእያንዳንዱን መስመር ርዝመትና ማዕዘን አንድ በአንድ ይመዘግባሉ። ዓይን የሚያደክም ሥራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ አላሳፈረም።

መ. ሁለተኛው መንገድ፦ መጥረቢያውና ድምፁ

ከየካ ኮረብታ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስናይ መጥረቢያው ሲያርፍ ወዲያው እናያለን፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይደርሰናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ 2 ሴኮንድ ከዘገየ ፈላጩ 680 ሜትር ርቆ ነው ያለው። ነገሩን ብንገለብጠው ደግሞ ርቀቱን ካወቅንና ጊዜውን ከለካን የድምፁን ፍጥነት እናገኛለን። በብርሃን «ጀምር»፣ በድምፅ «አቁም» ማለት ነው።

የኒውትሮንም ፍጥነት የሚለካው እንዲሁ ነው። ስስ የዩራንየም ሽፋን በጋዝ በተሞላ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እምብርቱ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ፍልጦች ጋዙን ሲመቱ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣሉ። ይህ «መጥረቢያው አረፈ» የሚለው ምልክት ነውና ሰዓቱ ይጀምራል። ከ1 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ያለበት፣ ሲመታ ብልጭ የሚል ልዩ ፕላስቲክ ወይም ፈሳሽ ይቀመጣል። ኒውትሮኑ ደርሶ በውስጡ ያለውን ፕሮቶን ሲመታ ብልጭታ ይታያል፤ ብልጭታው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና ሰዓቱ ይቆማል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁስና የፍጥነት ካሬ ብዜት እኩሌታ ስለሆነ ከፍጥነቱ ጉልበቱ ይገኛል።

ሰዓቱ ግን የእጅ ሰዓት አይምሰላችሁ። የሚቆጥረው በናኖ ሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ነው። 2 ሜትር ርቀት ለመጓዝ የሚፈጀው ጊዜ እንደሚከተለው ነው፦

— 700,000 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኒውትሮን 173 ናኖ ሴኮንድ፤
— 1 ሚሊዮን ያለው 145 ናኖ ሴኮንድ፤
— 2 ሚሊዮን ያለው 102 ናኖ ሴኮንድ (ፍጥነቱ በሴኮንድ 19,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)፤
— 10 ሚሊዮን ያለው 46 ናኖ ሴኮንድ።

ሠ. ለኪውን የሚያሳስቱ ነገሮች

አንደኛ፣ የጊዜ ስሕተት ነው። ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ በጊዜ ላይ የተሠራች የ1 በመቶ ስሕተት በጉልበቱ ላይ 2 በመቶ ሆና ትወጣለች። ፈጣኖቹ ኒውትሮኖች በ46 ናኖ ሴኮንድ ስለሚደርሱ 1 ናኖ ሴኮንድ መሳት ብቻ 4 በመቶ ያሳስታል። ታዲያ ርቀቱን ለምን አናስረዝመውም? ማስረዘም ይቻላል። ነገር ግን ኒውትሮኖቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተኑ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በዚያው ፕላስቲክ ላይ የሚደርሱት ወደ ሩብ ይወርዳሉ። ጥራት ሲገኝ ብዛት ይቀንሳል፤ ለኪው ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ጋማ ጨረር ነው። እርሱም ከስንጠቃው ጋር አብሮ ይወጣል። በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ 2 ሜትሩን በ7 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ጨርሶ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በእርግጥ ይህ ይረብሻል፤ ግን ይጠቅማልም። ጋማው የደረሰበትን ነጥብ ይዞ የሰዓቱን ዜሮ ማስተካከል ይቻላልና።

ሦስተኛ፣ ዞሮ የመጣ ኒውትሮን ነው። ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ነጥሮ የደረሰ ኒውትሮን ዘግይቶ ስለሚመጣ ዝግተኛ ይመስላል። ይህ በእንጦጦ መንገድ ልምምድ የሚያደርግ ሯጭ ረጅሙን ዙሪያ ዞሮ ሲመጣ፣ በአቋራጩ ርቀት አስልተን «ይህስ ደካማ ነው» እንደማለት ነው። ስለዚህ የመለኪያ ክፍሉ ሰፊ፣ በመሣሪያው ዙሪያ ያለው ብረትና ዕቃም ጥቂት እንዲሆን ይደረጋል።

አራተኛ፣ ባልጠራነው ጊዜ የሚመጣ ኒውትሮን ነው። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር የአየሩን አቶሞች ሲመታ ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከራሳችን በላይ ያለው አየር ስለሚሳሳ ብዛታቸው ይጨምራል። የጠፈር መመልከቻው ቴሌስኮፖች በቆሙበት በእንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ወለል ይልቅ በርከት ያሉ ኒውትሮኖች ይዘንባሉ። እዚህ የሚለካ ሰው ቢኖር የዩራንየሙን ሽፋን አውጥቶ በባዶው ከለካ በኋላ ያንን ከውጤቱ ላይ መቀነስ ይኖርበታል።

አምስተኛ፣ የመሣሪያው ዓይን ነው። ዝግተኛ ኒውትሮን የሚሰጠው ብልጭታ ደካማ ስለሆነ ፕላስቲኩ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ጠባዩ አስቀድሞ በሚገባ በተጠና ምንጭ ይፈተሻል። ዋነኛው ካሊፎርኒየም-252 ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሳይነካ በራሱ ይሰነጠቃል፤ ግማሽ ዕድሜው 2.6 ዓመት ያህል፣ የኒውትሮኖቹም አማካይ ጉልበት 2.1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። በአሜሪካ በሎስ አላሞስ «ካይ-ኑ» በተባለው የቅርብ ዘመን ሥራ ለፈጣኖቹ 54 የፈሳሽ መሣሪያዎች፣ ለዝግተኞቹ ደግሞ ሊቲየም-6 ያለባቸው 22 የመስታወት መሣሪያዎች በስንጠቃው ዙሪያ ተደርድረው ተለክቷል። ከቻድዊክ ሰም እስከዚህ ድረስ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ረ. ምን ተገኘ?

የመጀመሪያው ቁም ነገር ኒውትሮኖቹ ሁሉ እኩል ጉልበት የላቸውም የሚለው ነው። 2 ሚሊዮን የተባለው አማካዩ ብቻ ነው። አብዝተው የሚገኙት በ700,000 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ናቸው። ከ10 ኒውትሮኖች 3 ያህሉ ከ1 ሚሊዮን በታች ናቸው። ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚይዙት ግን ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በሎስ አላሞስ ዋት የተባለ ተመራማሪ (ለአምፖል የምንጠቀምበት «ዋት» ከተሰየመበት ሰው ጋር አይገናኝም) ይህን ሥርጭት በአንድ ቀላል ቀመር ገለጸው። ቀመሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሥርጭቱ እንዲህ የሆነበት ምክንያትም ታውቋል። ኒውትሮኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ሁለቱ ፍልጦች ተለያይተው በሴኮንድ 10,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መብረር ከጀመሩ በኋላ ነው። ከሚሮጥ መኪና ላይ ወደ ፊት የተወረወረ ድንጋይ የመኪናውን ፍጥነት ይጨምራል፤ ወደ ኋላ የተወረወረው ይቀንሳል። የኒውትሮኖቹም ነገር እንዲሁ ነው። ከአማካዩ 2 ሚሊዮን ውስጥ ሦስት ሩብ ሚሊዮን ያህሉ ከፍልጡ ሩጫ የተገኘ ነው።

ሰ. ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደያዝነው ነጥብ እንመለስ። ዩራንየም-235 በዝግተኛ ኒውትሮን የመሰንጠቅ ዕድሉ 2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ከመሰንጠቅ ዕድሉ ከ400 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከመሬት በሚወጣው ዩራንየም ውስጥ ደግሞ ዩራንየም-235 ከ1,000 አቶሞች 7ቱ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ኒውትሮኖቹ ለዚህ ሥራ ሲወለዱ ከመጠን በላይ ፈጣኖች ናቸው። ካልተገቱ በስተቀር በተፈጥሮ ዩራንየም ሰንሰለቱ አይቀጥልም።

የሚገታቸውስ ማን ነው? አሁንም ብይ ነው። ከሃይድሮጅን ጋር በተጋጩ ቁጥር በአማካይ ጉልበታቸውን በግማሽ ያጣሉ። ከ2 ሚሊዮን ተነሥተው ወደ 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ለመውረድ በሃይድሮጅን 18 ያህል፣ በካርቦን ደግሞ 115 ያህል ግጭት ይበቃቸዋል። ብዙዎቹ የኃይል ማመንጫዎች በውሃ የሚሠሩት ስለዚህ ነው። ፌርሚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 በቺካጎ ያስጀመሩት የመጀመሪያው ማብለያ ግን በግራፋይት፣ ማለትም በካርቦን ነበር የተሠራው።

ሌላው የሰው ጤና ነው። ብዙ ሰው ጨረርን እርሳስ የተባለው ብረት ያቆመዋል ብሎ ያምናል። ለጋማ እውነት ነው። ለፈጣን ኒውትሮን ግን እርሳስ ከላይ እንዳልነው ትልቁ ድንጋይ ነው፤ ኒውትሮኑ ይነጥራል እንጂ ጉልበቱን እምብዛም አያጣም። እርሱን የሚገቱት ውሃ፣ ፓራፊንና ኮንክሪት ናቸው። በሰው ገላ ላይ ደግሞ ለተመሳሳይ የጨረር መጠን ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋው የኒውትሮኑ ጉልበት ወደ 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲጠጋ መሆኑ በጨረር መከላከያ ደንብ ተመልክቷል። ከስንጠቃ የሚወጡት ደግሞ በዚሁ አካባቢ ያሉ ናቸው። ስለዚህ መከላከያ ግድግዳውን የሚነድፈው ባለሙያ ጉልበታቸውን በትክክል ሳያውቅ ውፍረቱን ሊወስን አይችልም።

ሸ. በክፍል ውስጥ

በትምህርት ቤቶቻችን የኒውትሮን ምንጭ የለም፤ እንዲኖርም አንመክርም። ሐሳቡን ለማሳየት ግን የሚከተሉት ይበቃሉ።

1. መሀሉ ቦይ ያለው ማስመሪያ ወይም ሁለት ማስመሪያዎችን ጎን ለጎን አድርጎ እኩያ ብዮችን ማጋጨት፤ ቀጥሎም አንዱን በትልቅ ብይ መለወጥ። ተማሪዎች የትኛው ብዙ ጉልበት እንደተቀበለ ራሳቸው ይናገሩ።

2. በሜትር ገመድ 340 ሜትር ለክቶ አንድ ተማሪ ከወዲያ ጫፍ ጣሳ በዱላ እንዲመታ ማድረግ፤ ሌሎቹ ዱላው ሲያርፍ ሰዓት ያስጀምሩ፣ ድምፁ ሲደርስ ያቁሙ። መልሳቸው ከ1 ሴኮንድ ወዲህና ወዲያ ይበታተናል። ይህ ጉድለት አይደለም። እጃችን እስኪታዘዝ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ስለ መለካት ስሕተት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ርቀቱ ቢያጥር ስሕተቱ እንደሚከፋም ያያሉ።

ጓደኛችን የልምምዱ ጊዜ ሳያልቅ ወደዚያው ክፍል ተመልሶ ነበር። «ባለፈው የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም፤ እኔም አላውቀውም ነበር» ብሎ ከኪሱ ሁለት ብይ አወጣ። ልጅቷም ካየች በኋላ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ጎኑን ቢጨርፈውስ?» አለች። ይህን ጊዜ ግን መልሱ ነበረው።

ለአንባብያን ጥያቄ፦ ከስንጠቃ የወጣ አንድ ኒውትሮን 3 ሜትር ርቀት በ200 ናኖ ሴኮንድ ጨረሰ። ጉልበቱ ስንት ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው? (ርቀቱን በሜትር፣ ጊዜውን በናኖ ሴኮንድ ወስዳችሁ ርቀቱን ለጊዜው አካፍሉ፤ የተገኘውን በራሱ አባዙ፤ ከዚያም በ5,227 አባዙት።) መልሱን ከነአሠራሩ ለዝግጅት ክፍላችን ያቀበለ በሚቀጥለው እትም ስሙ ይወጣል።